ሦስት መጨመር

የሆስፒታሉ የሰርቨር ክፍል ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ነው። መስኮት የለውም፣ ብርዱ ግን ለሦስት ክፍል ይተርፋል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው በጋም ሆነ ክረምት ሹራቡን አያወልቅም። ሐኪሞቹ ክፍሉ መኖሩን የሚያስታውሱት አንድ ነገር ሲቆም ነው፤ ሲሠራማ ማን ያስታውሳል። በዚህ ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴት ከዘበኛው እስከ ዓይን ሐኪሙ ድረስ ሁሉም «እታለም» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟ የሰው ኃይል ክፍል ፋይል ውስጥ አለ፤ እዚያም ቢሆን የሚጠራው የለም።

ማሽን ሁሉ የሚያደርገውን ይጽፋል። ተነሣሁ፣ ይህን ፋይል ከፈትኩ፣ ያኛው እምቢ አለኝ፣ እንደገና ሞከርኩ እያለ በየሰከንዱ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ ሎግ ይባላል። ሥራ የፈታ ጎረቤት እንኳ የሰው ገበና እንዲህ አይከታተልም። ታዲያ የሆስፒታሉ ማሽኖች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር፤ ከግድግዳው ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ሎግ የሚያነብ ሰው በልቡ ሦስት ይጨምራል። ማንም አስታውሱ ብሎ አይነግራቸውም፤ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ሲያርፍ አፋቸው የተጨመረውን ይናገራል። እታለም አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ትኬት ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሦስት ጨምራ አንብባ፣ መናኸሪያ ስትደርስ አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ባሏ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ያወራል።

በዚያ ዓመት ሆስፒታሉ የኤአይ ወኪሎች አስገባ። ሥራቸው ነርሶቹና የካርድ ክፍል ሠራተኞች «ይህ ቆመብኝ፣ ያ እምቢ አለኝ» ሲሉ መልስ መስጠት ነው። ክፍሉ ዋናውን ወኪል «ትጉ» ብሎ ሰየመው፤ ስለማይተኛ። ግን ትጉ የሚሠራው በወሬ ነበር። የቀጠሮ ሲስተም ቆመ ሲሉት፣ ማሽኑ ምን እንደሆነ የሚያይበት ዓይን ስለሌለው፣ አጥፍታችሁ አብሩት ከማለት ሌላ ምክር አልነበረውም። ይህንንማ ዘበኛውም ያውቀዋል። የመረጃ ክፍሉን ኃላፊ ይህ አላስደሰታትም። ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ስብሰባ ቆማ የምትመራ ሴት ናት። እታለምን ጠርታ ወኪሎቹ የየአገልግሎቱን ሎግ ማንበቢያ መሣሪያ ሥሪላቸው አለቻት።

መሣሪያው ትልቅ ነገር አይደለም። ወኪሉ የአገልግሎቱን ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ስንት መስመር እንደሚፈልግ ይጠይቃል፤ መሣሪያው አውጥቶ ያሳየዋል። ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድለትም። እታለም በአራት ቀን ጨረሰችው፤ ሲሞከርም እንከን አልወጣለትም። አንድ ነገር ብቻ ከራሷ ጨምራበታለች፤ ከሠላሳ ቀን በፊት የተጻፈ እንዳያነብ ከለከለችው።

ይህን ያየው የሶፍትዌር ክፍሉ «ረጅሙ» ነው፤ በሩን ሲያልፍ ሁልጊዜ አንገቱን የሚሰብር፣ ለጥያቄ የማይሰንፍ ሰው።

«ሠላሳ ቀን ለምን ሆነ እታለም? የተቀመጠው ሎግ እኮ የአምስት ዓመት ነው።»

«የሕመምተኞች ስም አለበት።»

«ስሙን እንሸፍነዋለን።»

«ያዘገየዋል።»

«የሚዘገየው እሱ፤ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

ሳቀችለትና ወደ ማሽኗ ዞረች። የሰጠችው ምክንያት ሁሉ እውነት ነበር፣ እውነተኛው ምክንያት ግን አልነበረበትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

እውነተኛው ምክንያት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ክፍሉ ሁለት ሠራተኛ ነበረው። ቀን እታለም ትሠራለች፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጋሼ ይረከባታል። ጋሼ በዚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ፣ እሷንም ሥራ ያስተማራት፣ ተረኝነቱ ሳይደርስ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነበር። ሁለቱም ማሽኖቹ ውስጥ የሚገቡት በአንድ የተጠቃሚ ስም ነበር። ደንቡ ይከለክላል፤ ደንቡን የጻፈው ሰው ግን የይለፍ ቃል ረስቶ በሌሊት ተጠርቶ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ከመንታ ልጆቿ አንዷ አተኮሳት ተብሎ ከትምህርት ቤት ተደወለ። እታለም ሐሙስ ሐሙስ አሮጌ ፋይሎች ታጸዳለች። ጋሼን እስኪቀመጥ እንኳ ሳትጠብቅ፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ትእዛዙን ደግማ ሳታነብ ሰደደችው። ጽዳቱ እስኪያልቅ ስትጠብቅ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የቀጠሮ መዝገቡ ባዶ ነው ብላ ደወለች። ከእኩለ ቀን ወዲህ የተመዘገበ ቀጠሮ አንድም አልተገኘም፤ አንድ መቶ አርባ ሰው። ማሽኑ እሺ፣ ተመዝግቧል እያለ ሲቀበል ውሎ ምንም አላስቀመጠም። በቀጣዩ ሳምንት የቀጠሮ ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ስማችሁ የለም ተብለው ሲመለሱ፣ ለዓይን ቀዶ ሕክምና አምስት ወር የጠበቁ አንድ አዛውንት በረንዳው ላይ ተቀምጠው አልሄድም አሉ። ነገሩ እስከ ቦርዱ ደረሰ።

በዚያ ሐሙስ ሁለቱ ሎጉን አብረው ነበር የከፈቱት። የቀጠሮው ማሽን የመጨረሻ መስመር «መጻፍ አልተቻለም» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ሰዓቱ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። ሦስት ጨመሩበትና ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ አሉ። የእሷ ትእዛዝ ስምንት ከአምስት። ትእዛዟ ውስጥ ያለው ፎልደር ደግሞ የቀጠሮ የሚል ስም አለው፤ ከእኩለ ቀን ወዲህ የተመዘገበውን ይዞ የጠፋው እሱ መሰላቸው። እታለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፋይል ላጸዳ ብላ የሰው ቀጠሮ አጠፋች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት።

ጋሼ መስመሮቹን አየ፣ እሷን አየ። በዚያው ዓመት በማርፈድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዳላት ያውቃል፤ ባሏም ያኔ ሥራ አልነበረውም።

«ሂጂ ልጅሽን ውሰጂ» አላት። «እኔን ቢቆጡኝ ነው።»

በማግስቱ ለአጣሪዎቹ ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ። የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ ይቆጡታል እንጂ አያባርሩትም ብሎ ነበር። አባረሩት። እታለም ቤቱ ድረስ ሄዳ እናገራለሁ ስትለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አሁን ብትናገሪ ሁለታችንም ውጭ እንሆናለን፣ ያንቺን ቤት ማን ያኖረዋል አላት። እሷም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው ዝም ያለው አንድ ቀን ይሆናል እንጂ፣ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ቢያየው ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ጋሼ አሁን መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል፣ መታወቂያ ግራና ቀኙን ኮፒ ያደርጋል። እታለም በወር አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች። ስለ ሆስፒታሉ አንድም ነገር አይጠይቃትም። የሚጠይቃት ስለ ልጆቹ ነው፤ የሒሳብ ውጤታቸውን፣ የወለቀ ጥርሳቸውን፣ ማን ማንን እንደምትበልጥ፤ አጠያየቁ እንደ አባወራ ነው። እሷም ሁሉንም ትነግረዋለች፣ ከዚያ ስትወጣ ግን መንገዱን እስክትሻገር ድረስ እግሯ ይከብዳታል።

መሣሪያው ባለቀ በሳምንቱ ኃላፊዋ እታለምንና ረጅሙን ጠራቻቸው።

«ትጉን እንፈትነው» አለች። «ፈተና ማለት ደግሞ መልሱ የሚታወቅ ጥያቄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቀጠሮው ወድቆ አልነበር? እኔ ሳልመጣ። ማን እንዳጠፋው፣ እንዴት እንዳጠፋው ፋይሉ ውስጥ አለ። ያንን ሎግ ስጡትና ያገኘው እንደሆነ እንይ።»

«የሠላሳ ቀን ገደብ አለበት» አለች እታለም።

«ታነሺዋለሻ። የዚያ ዘመን ዲስክ የለም እንዴ?»

ዲስኩ ነበር። በሰርቨር ክፍሉ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው እታለም ጋ ብቻ ነው። ተበላሽቷል ብትል ማንም መጥቶ አያይም። ዲስክ ይበላሻል፣ ሥራው ነው።

«እፈልገዋለሁ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ስትሆን ዲስኩን አውጥታ ሰካችው። የመጨረሻውን መስመር እንደገና አነበበችው፤ ለስድስት አሥር ጉዳይ። ሦስት ጨመረች። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። ከሦስት ዓመት በኋላም ሎጉ በአንድ ደቂቃ እንኳ አላዘነላትም። መልሳ ቆለፈችበት።

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ጠረጴዛው ላይ የልጆቹን ደብተር እየለበጠ ነበር። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ደብተር በመለበጥ ግን የሚወዳደረው የለም። ልጆቹ በወዲያኛው ክፍል ማን መጀመሪያ ፊቷን ትታጠብ እያሉ ይጣላሉ። እታለም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ይህን አያውቅም ነበር። መቀሱን አስቀመጠ።

«ጋሼ ያኔ የተባረረው ባንቺ ነው?»

«በኔ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሲያረጅ እጁ ተሳሳተ እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና፣ «ሰውዬው አንድ ቀን ዋሸ» አለ። «እኛ ግን በዚያ ውሸት ሦስት ዓመት ኖርንበት። እኔም እዚህ ቤት ነበርኩ እኮ፤ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተናገሪ ትለኛለህ ብዬ።»

«አሁንስ?»

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። እሱም ያንዷን ደብተር አገላብጦ ስሟን ይጽፍበት ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ዲስኩን ይዛ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። የሠላሳ ቀኑን ገደብ እዚያው ፊታቸው አነሣችው። ረጅሙ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥያቄውን ጻፈ፦ በዚያ ሐሙስ የቀጠሮ አገልግሎት የወደቀው በምን ምክንያት ነው፣ በማን ድርጊት? ትጉ መሣሪያውን መጥራት ጀመረ። ማያው ላይ መስመሮች ይወርዳሉ፤ የቀጠሮው ማሽን ሎግ፣ ትእዛዝ የሚያልፍበት የመግቢያው ማሽን ሎግ፣ ከዚያ አራት ቀን ቀደም ያለ ሎግ።

እታለም መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻለችም። ሎግ ይናገርብኝ ከምትል ራሷ ብትናገር ይሻላታል። ይህን ሌሊቱን ስትለማመደው አድራለች፤ የተለማመደችው ረጅም ንግግር ግን ከአፏ ሲወጣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሆነ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጋሼ ለኔ ብሎ ነው የወሰደው።»

ኃላፊዋ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ያየናት ያኔ ነው ብሎ ረጅሙ በኋላ አውርቷል። በዚያች ሰዓት ግን እሱ እታለምን ቀና ብሎ አላያትም፤ አንገቱን ማያው ላይ ደፍቶ ያነባል።

«እታለም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም አይደለሽም።»

ትጉ የጻፈው አጭር ነበር። የቀጠሮው ማሽን ከመውደቁ አራት ቀን ቀደም ብሎ በአዲስ ተተክቷል፤ የገጠመው ከውጭ የመጣ ድርጅት ሰዓቱን ያደረገው በግድግዳው ሰዓት እንጂ እንደ ሌሎቹ በዓለም አቀፉ አይደለም፤ ይህም ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሣ በጻፈው መስመር ላይ ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር የተጻፈው በትክክል ለስድስት አሥር ጉዳይ ነው። በዚያች ደቂቃ ዲስኩ ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮም ሎግም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የማጽዳቱ ትእዛዝ የተሰጠው ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው፤ የነካውም አዲሱ ማሽን የማይጠቀምበትን አሮጌ ፎልደር ነው። የቀኑም ሆነ የማታው ባለሙያ ድርጊት ለመውደቁ ምክንያት አልሆነም።

ረጅሙ የማሽኑን መነሻ መስመር ራሱ ፈልጎ አገኘው። ልክ ነበር። እታለም አጠገቡ ቆማ መስመሩን አየችው፤ ያን ቀንም እዚያው ነበር፣ ከመጨረሻው መስመር አራት ቀን ወደ ላይ። እሷና ጋሼ ወደ ላይ አልወጡም። ለምን ይወጣሉ፤ ጥፋተኛዋ ክፍሉ ውስጥ ቆማለች። በኋላ ማሽኑን እንደገና የገጠሙት የቤቱ ሰዎች ስለነበሩ ሰዓቱን እንደ ሌሎቹ አድርገውት ነበርና ልዩነቱ ጠፋ።

እታለም ደስ አላት። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ወርዶ እግሯ ቀለላት። ደስታው ግን አፍታም አልቆየ። ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ያኔ ይህን ሎግ በደንብ ያየ ሰው አልነበረም?»

«አጣሪዎቹ አልከፈቱትም» አለች እታለም። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ተገኝቶ ማን ሎግ ያነባል?»

ይህን ስትናገር የተናገረችው ገባት። እሱ እኔ ነኝ ባይል፣ ወይም እሷ የለም እኔ ነኝ ብላ ብትከራከር፣ ሁለት ተናዛዥ ያየ አጣሪ እውነቱን ፍለጋ ሎጉን ይከፍት ነበር። ሁለቱም በነፃ ይለቀቁ ነበር። የሌለ ጥፋቷን ስትደብቅ የእሱን ንጽህና አብራ ደበቀችው። አሁን ያፈረችው በሠራችው ጥፋት አልነበረም፤ አፏን በዘጋችባቸው ቀናት ነበር።

ኃላፊዋ ለቦርዱ ደብዳቤ እንደምትጽፍ፣ የሰውዬው ስም ከጥፋቱ እንደሚጠራ፣ መመለስ ከፈለገም እንደምትከራከርለት ነገረቻት። «ያንቺን ዝምታ ደግሞ ለብቻው እናየዋለን» አለች። እታለም ራሷን ነቀነቀች። ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ጋሼ የእጁን ጨርሶ እስኪያሰናብታቸው ጥግ ላይ ቆመች። ወሩ ሳይደርስ ስለመጣች ግር ብሎታል።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ጋሼ፣ ያን ሎግ ዛሬ ለማሽን አስነበብነው።»

ስቴፕለሩን ከእጁ አላስቀመጠም። «ደረሰብሽ?»

«እኔው ቀድሜ ተናገርኩ። ግን እኔ አይደለሁም። እርስዎም አይደሉም።»

ነገረችው። ተበላሽቶ የተጣለ ወረቀት አንሥቶ በጀርባው ሰዓቶቹን በእርሳስ ጻፈ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት ነገር ነውና ሁለቴ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«አዲሱ ማሽን በግድግዳው ሰዓት ነበር የሚጽፈው።»

«አዎ።»

«እኛ ሦስት ጨመርንበት።»

«ጨመርንበት።»

ትንሽ ሳቀ። «አስተማሪሽ እኔ ነኛ» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ከመደርደሪያው ሥር አስገባው።

«ደብዳቤ እየተጻፈልዎት ነው። ስምዎ ከጥፋቱ ይጠራል። ከፈለጉ ሊመለሱ ይችላሉ ብላለች። ያኔ ብናገር ኖሮ ሎጉ ይታይ ነበር ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

አንዲት ሴት መታወቂያዋን ዘረጋችለት። ተቀብሎ ግራውን አነሣ፣ ገልብጦ ቀኙን አነሣ፣ ከወረቀቱ ጋር መለሰላት። ሴትዮዋ ከፍላ ወጣች።

«ማንም አላጠፋም ማለት ነው» አለ።

«ማንም። ዲስኩ ሞላ።»

«እዚህ የሚመጣው የድሮ ሰው ሁሉ፣ ጋሼ ምነው ከዚያ ሥራ ወደዚህ ይለኛል። ለሰው የምመልሰው የለኝም። በልቤ ግን መልስ ነበረኝ፤ አንድ ቤት እንዳይፈርስ አድርጌ ነው የመጣሁት እል ነበር። ልጆቹን ስጠይቅሽም ለዚያ ነው።»

እታለም አንድ እርምጃ ወደ መደርደሪያው ቀረበች።

«አንቺን ይቅር የምልሽ ነገር የለም፤ ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጠርዛቸውን መታ መታ አድርጎ አስተካከለ፤ ቀና ብሎም አላያት። «ብቻ ምነው ያጠፋሽው አንቺ በሆንሽ።»